መጀመሪያ የሄደችው ግላንስ ናት

ታናሽ እህቴ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ናት። ከምታስተምረው ሁሉ አብልጣ የምትወደው አንድ ትምህርት አላት፤ ሰው ነገርን የሚያይበትን ልዩ ልዩ መንገድ እንግሊዞች የሚጠሩባቸውን ቃላት። ሌላው አስተማሪ ቃላቱን ሰሌዳው ላይ ከላይ ወደ ታች ይደረድርና ከእያንዳንዱ ፊት «ማየት» ብሎ ጽፎ ይገላገላል። እሷ ጠመኔ አታነሳም። ከፊት ከተቀመጡት አንዱን ትመርጥና ዓይኗን ትክል አድርጋበት ዝም ትላለች። ሰውየው መጀመሪያ ፈገግ ይላል። ቀጥሎ ኮሌታውን ያስተካክላል። ከዚያ ፊቱ ላይ ነገር የተለጠፈ መስሎት ጉንጩን ይጠርጋል። በመጨረሻ አላስችል ሲለው፣

«ምነው ቲቸር፣ ምን አጠፋሁ?» ይላል።

«ምንም። ይህ ስቴር ይባላል። ምን ተሰማህ?»

«መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ!»

«በል እንግዲህ፣ አትረሳውም።»

ግሌርን፣ በቁጣ ማፍጠጥን፣ በምታስተምርበት ቀን ምንም ያላጠፋ ሰው ጥፋቱን መፈለግ ይጀምራል። ጌዝን ስታስተምር ደግሞ ወደ መስኮቱ ትዞርና፣ ከማዶ ካሉት ጣሪያዎች በላይ እኛ የማናውቀውን ነገር እያየች፣ ተማሪ መኖሩን ትረሳለች። ክፍሉ ቀስ በቀስ ጸጥ ይላል፤ አንገት ሁሉ ወደ መስኮቱ ይዞራል። ቃሉን የምትነግራቸው ያን ጊዜ ነው፤ የተኛ ሰው እንደሚቀሰቅስ በዝግታ።

ተማሪዎቿ ከሥራ መልስ የሚመጡ ጎልማሶች ናቸው። ትምህርት ቤቱ ከአንድ የቤት ዕቃ መሸጫ በላይ ያለ የኪራይ ፎቅ ነው። የቫርኒሽ ሽታ በወለሉ ስንጥቅ እየገባ ራስ ያዞራል። ክፍሎቹ የተለያዩት በኮምፔንሳቶ ስለሆነ፣ ከወዲያ በኩል የሒሳብ አያያዝ አስተማሪው ሲስል ከወዲህ በኩል «ይማርህ» የሚል አይጠፋም። የእህቴ ቃላት ግን ኮምፔንሳቶውንም ደረጃውንም አልፈው ሰፈር ገብተዋል። «አለቃዬ ዛሬ ጠዋት ግሌር አደረገኝ» የሚል ሰው በአውቶቡስ ውስጥ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ጎረቤቴ በአጥር ፒክ ስታደርግ እጅ ከፍንጅ ያዝኳት» ያለችም አለች። እህቴን «ዓይናማዋ» ይሏታል። ስሙን ያወጡላት ዓይኗ ከመታመሙ በፊት ነው።

ሐኪም ቤት አብሬያት ሄጄ ነበር። ሐኪሙ ጨዋ ወጣት ነው፤ ነገሩን ከመናገሩ በፊት እስክሪብቶውን ሦስት አራት ጊዜ ጠቅ ጠቅ አደረገ። ከዓይን ወደ አንጎል የሚሄደው ነርቭ እየተጎዳ እንደሆነ፣ የጠፋው እንደማይመለስ፣ የሚያዝላት የዓይን ጠብታ ግን ጥፋቱን ሊያዘገየው እንደሚችል ነገራት።

«ከዳር ነው የሚጀምረው፣ እማማ» አላት። «መሐሉ ደህና ሆኖ ይቆያል። ወረቀት ጠቅልለው በውስጡ እንደሚያዩ ያስቡት። ጥቅልሉ ቀስ እያለ ይጠባል።»

«የትኛው ነው ቀድሞ የሚሄደው?» አለችው።

«የግራው ይብሳል።»

«ዓይኑን አይደለም የጠየቅሁህ። ማየት አንድ ነገር መሰለህ እንዴ?»

ሐኪሙ እኔን አየኝ። እኔ ግድግዳውን አየሁ።

መልሱን ያገኘችው በራሷ ነው። አንድ ቀን ቤቷ ተቀምጠን፣ እኔ ጋዜጣ ሳነብ እሷ ሽንኩርት ስትልጥ፣ ቢላዋውን አስቀመጠችና «ጋሼ፣ ግላንስ ሄደች» አለችኝ፤ የጎረቤት ሞት እንደሚያረዳ ሰው።

«የት ሄደች?»

«ከእኔ። ግላንስ ማለት ዞር ሳይሉ ጎን ያለውን ለቀም አድርጎ መመለስ ነው። እኔ ጎን የለኝም አሁን። አንተ እዚያ መቀመጥህን የማውቀው ጋዜጣህ ሲንኮሻኮሽ ነው። ግሊምፕስም ተከትላታለች። ብልጭ ብሎ የሚያልፍ ነገር ለእኔ አያልፍም፤ አልመጣማ! ስኬን ደግሞ እየሸሸች ነው፤ መንገድ ዳር ቆሜ ግራ ቀኝ ለማማተር ራሴን እንደ በር ማወዛወዝ አለብኝ።»

«የቀረሽስ?»

«ስቴር ቀርታለች። ዓይን አጥብባ የምታየው ፒርም አለች፤ እንዲያውም ጎበዝ ሆናለች። ግሌር ደግሞ» አለችና አየችኝ፣ «ግሌርን የሚወስድብኝ የለም።»

በወጣትነቴ ፍልስፍና ተምሬያለሁ። ስለ ዓይን የጻፉ ሰዎችን ካነበብኩት ገጽ ብዛት የተነሳ የራሴን ዓይን ያደከምኩ ሰው ነኝ። አብዛኞቹ ዓይንን መስኮት ያደርጉታል። ብርሃን ይገባል፣ ነፍስ ከውስጥ ተቀምጣ ትቀበላለች፣ አለቀ። እህቴ ያን ቀን በሽንኩርት ልጣጭ መሐል የነገረችኝን ግን አንዳቸውም አልነገሩኝም። ማየትንና መመልከትን እንግሊዝኛው ሲ እና ሉክ ብሎ ይለያቸዋል። ሲ ዝናብ ነው፤ ደጅ የቆመ ሁሉ ይረጥባል። ሉክ ውኃ መቅዳት ነው፤ ተነስቶ መሄድ፣ ጎንበስ ማለት፣ ተሸክሞ መመለስ ይጠይቃል። ከእህቴ ዝናቡ እየራቀ ነበር። እንስራዋን ግን አላስቀመጠችም።

በትምህርት ቤቱ ለማንም አልተናገረችም። ኩራት ነው ልትሉ ትችላላችሁ፤ ነውም። ግን ኩራት ብቻ አልነበረም። የታመመ ሰው በሽታው በተሰማ ማግስት ሌላ ሰው ይሆናል። ሰላምታው ይረዝማል፣ ወንበር ይሳብለታል፣ የሚናገረውን የሚቃወመው ሰው ይጠፋል። ለአስተማሪ ከዚህ የባሰ ሞት የለም።

ነገሩን ያወጣው ሾፌሩ ነው። የከተማ አውቶቡስ የሚነዳ፣ ድምፁ እንደ ጡሩምባ የሚያስተጋባ፣ ሁልጊዜ በግራ በኩል ከግድግዳው ጥግ የሚቀመጥ ሰው ነው። እጁን አውጥቶ ይጠብቃል፤ እህቴ ሌላ ሰው ትጠይቃለች። በማግስቱ እጁን ያወጣል፤ ታልፈዋለች። አንድ ቀን ክንዱ እስኪዝል እጁን ሰቅሎ ቆይቶ፣ ደብተሩን አጥፎ ወጣና ቀጥ ብሎ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባ። «ሴትዮዋ ትንቀኛለች። ሾፌር ስለሆንኩ ነው። ሌላው እጁን ሳያወጣ ይጠየቃል፤ እኔ ባንዲራ መስዬ ተሰቅዬ እውላለሁ» አለ።

ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አይደለም። ትምህርት ቤቱን ከአባቱ ወርሶ፣ ኪራይ ከሚጨምርበት ባለ ሕንፃና ወንበር ከሚሰብረው ተማሪ መሐል ተወጥሮ የሚኖር፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ የሚናገር ጎልማሳ ነው። እህቴን አስጠርቶ ጠየቃት። መዋሸት አታውቅበትም፤ ነገረችው። በማግስቱ እኔንም አስጠራኝ። ታላቅ ወንድም ያለበት ነገር በወንድም በኩል ቶሎ ያልቃል ብሎ አስቦ መሆን አለበት።

ቢሮው ጠባብ ነው። በጠረጴዛው መስታወት ሥር የድሮ ተመራቂዎች ፎቶግራፍ ተደርድሯል። እህቴ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ ቦርሳዋን እንደ ጋሻ ጉልበቷ ላይ አቁማዋለች።

«ቲቸር፣ ለእርስዎ አስቤ ነው» አለ። «የመጻሕፍት ክፍሉ ከታች ከጓሮ ነው፤ ጸጥታ አለው። መቀመጫም አለው። ደረጃ መውጣት የለ፣ መጨቃጨቅ የለ። እዚያ ቢያርፉ…»

«የመጻሕፍት ክፍል? ዓይኑ ለሚደክም ሰው መጽሐፍ? ጆሮው ለከበደው ሬዲዮ ጠብቅ እንደማለት ነው እኮ!»

«እንግዲህ… ጋሼ፣ እርስዎ ይምከሯት እስቲ።»

አፌን ልከፍት ስል እህቴ ቀደመችኝ።

«ዳይሬክተር፣ አሁን የሚያዩኝ አስተያየት በእንግሊዝኛ ምን እንደሚባል ያውቃሉ?»

«አላ… አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም። ይህን ሁሉ ዘመን አስተምሬ ቃል አላገኘሁለትም። በአማርኛ ግን የከንፈር መምጠጥ ታናሽ ወንድም ነው። እባክዎ በእኔ ላይ አያሳድጉት።»

ሰውየው ፊቱን ወዴት እንደሚያደርገው ጠፋው። እህቴ ጊዜ አልሰጠችውም። «ይምጡና ክፍሌ ይቀመጡ። ማስተማር ካቃተኝ በዓይንዎ አይተው ያስወጡኝ። በወሬ ግን አልወጣም።» ሐሙስ ሊመጣ ተስማማ። እኔም እንድገኝ ጠየቀ፤ ከዚያ በኋላ እህቴን ቤት የሚያደርሳት ሰው እንደሚያስፈልግ አስቦ ይመስለኛል።

ከሐሙስ በፊት በነበረው ትምህርት እህቴ ሰሌዳው ፊት ቆማ ለተማሪዎቿ እንዲህ አለቻቸው፦ «ስሙኝ። ዳር ዳሩን አላይም። እጁን ያወጣ ሰው እጁ ይደርቃል እንጂ አላየውም። ከዛሬ ጀምሮ መናገር የፈለገ በአፉ ይጥራኝ። ማዘን የፈለገ ውጭ ወጥቶ ይዘንና ይመለስ።»

ማንም አልወጣም። ሾፌሩ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ቲቸር፣ እኔ እኮ ናቁኝ ብዬ ነው…»

«ንቄህስ ቢሆን? የናቀህን ትተህ ለጎረቤቱ ነው የምትከሰው? እኔን አትጠይቀኝም ነበር?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ በእናትዎ!»

«አላደርግም። ይልቅ ግላንስን በዓረፍተ ነገር አስገባልኝ።»

ሾፌሩ ራሱን አከከ። «ቲቸር፣ እኔ ስነዳ ስፖኪዮዬን በየደቂቃው ነው ግላንስ የማደርገው። ያለሷማ ስንቱን ገጭቼው ነበር።» ከዚያ ጨመረ፤ «ለእርስዎም ግራና ቀኝ ስፖኪዮ ብናስገጥምስ?»

ክፍሉ መሳቅ ፈልጎ ፈራ። ቀድማ የሳቀችው እህቴ ናት። ያን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ስትነግረኝም እንባዋ እስኪመጣ ስቃለች።

ሐሙስ ደረሰ። እኔ ከኋላ ተቀመጥኩ። ዳይሬክተሩ ወንበር አስመጥቶ ከግራው ግድግዳ ጥግ፣ ሰሌዳው አጠገብ ሆነ። ወንበሩን እዚያ ያስቀመጠው ሆን ብሎ ይሁን ሳያስብ አላውቅም፤ የእህቴ ዓይን የማይደርስበት ስፍራ ግን ያ ነበር። ሾፌሩ ከእሱ ጀርባ ነው። ከፊት የሆስፒታል ነርስ፣ አጠገቧ የመጋዘን ዘበኛ ተቀምጠዋል፤ ሌሎችም ነበሩ።

የዕለቱ ትምህርት «ዎች» የሚለው ቃል ነበር። «ይህ ደግሞ ማየት ከሚለው በምን ይለያል?» አለች። አንዱ «ቲቸር፣ አማርኛ ለዚህ ሁሉ አንድ ቃል ነው ያለው፤ ለዚህ ነው የሚያስቸግረን» ሲል፣ ለመጻፍ የማታነሳውን ጠመኔ አንስታ እንደ ጠጠር ልትወረውርበት ቃጣት።

«አማርኛን ደሃ ያልከው አንተ ማነህ? ትናንት ሚስትህ ስትገላምጥህ ‹አየችኝ› ብለህ ነው የተናገርከው? ጎረቤት በቀዳዳ ሲያጮልቅ፣ አለቃህ ሲገረምምህ፣ ልጅህ ሱቅ መስታወት ላይ አፍጥጦ ሲቀር፣ ዕዳ ያለበት ሰው አንተን ሲያይ ሲያቀረቅር፣ ሁሉም ‹አየ› ነው? ቃሉ በአፍህ ሞልቷል፤ እንግሊዝኛ ልትማር ስትመጣ በር ላይ አስቀምጠኸው ገባህ እንጂ። በል ተነስተህ አምጣው!»

ዘበኛው ሳቁን መያዝ አልቻለም። «ቲቸር፣ ዎች የእኔ ሥራ ነው። ምንም የማይመጣበትን በር ሌሊቱን ሙሉ ማየት ማለት ነው።»

«ከመዝገበ ቃላቱ ይሻላል። እንቅልፍ ሲመጣስ?»

«ያኔ በሩ ነው እኔን ዎች የሚያደርገኝ።»

ሁሉም ሳቀ። ትምህርቱ ሞቀ፣ ጥያቄው ከአፍ አፍ ተቀባበለ፤ እህቴ መልሱን እየሰማች ወደየድምፁ ዞር ትላለች። እንዲህ ባለው መሐል ነው ዳይሬክተሩ እጁን ያወጣው።

ምንም አልተናገረም። ክንዱን ቀስ አድርጎ አነሳና አቆመው። እህቴ ነርሷን እየጠየቀች ነበር። ነገሩ ገባኝ፤ ለሁላችንም ገባን። ሾፌሩ ከኋላው አፉን ከፈተ፣ ዳይሬክተሩ ግን ዘወር ሳይል ሌላኛውን እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ዝም አሰኘው። ነርሷ የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ ቀረች። ሳቁ ቆመ። ከታች፣ ከዕቃ መሸጫው፣ ሰው እንጨት ሲልግ ይሰማ ነበር። የተሰቀለው እጅ አልወረደም። ያን ያህል ተናድጄ የማውቅበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ ተነስቼ ልናገር ጉልበቴን ሰበሰብኩ።

እህቴ ግን ዝምታውን ሰምታዋለች። ከፊቷ ያለውን ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ማየት አትችልም፤ አንድ ፊት፣ ከዚያ አንድ ፊት ነው የምታየው። ነርሷን አየቻት፦ የነርሷ ዓይን ወደ ግራ ነው። ዘበኛውን አየችው፦ የዘበኛውም ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ላይ። ከኋላ ያለውን አንድ ሰው ፈለገች፤ እሱም እዚያው። ሦስት ገመድ አንድ ግንድ ላይ ታስሮ ያገኘ ሰው ግንዱን አይቶ መፈለግ አያሻውም፤ ገመዱን ይከተላል። ገላዋን አዞረች፣ የተማሪዎቿን እይታ ተከትላ ሄደች፣ ሄደችና ደረሰች። ከተሰቀለው መዳፍ ጀምራ ወደ ታች፣ እስከ ፊቱ። ቆመች።

«የስ፣ ሰር?» አለች በእንግሊዝኛ። «ጥያቄ አለዎት?»

ዳይሬክተሩ እጁን አወረደ። «ኖ። ጀስት…» ብሎ የቀረውን ዋጠው።

ወደ ተማሪዎቿ ሳትዞር፣ ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል፣ «እኚህ ሰው ምን እያደረጉ ነው?» ብላ ጠየቀች።

ደብተራቸው ላይ አቀረቀሩ። የትምህርት ቤቱ ባለቤት ነው።

«ጠየቅኋችሁ እኮ!»

«ሂ ኢዝ ሉኪንግ አት ዩ፣ ቲቸር» አለ ዘበኛው በቀጭን ድምፅ።

«ሉክ ስንፍና ነው። ትክክለኛውን ንገሩኝ።»

«ሂ ዎዝ ዎቺንግ ዩ» አለች ነርሷ። እሷ አልፈራችም፤ ነርስ ስንት ዳይሬክተር ሱሪ ዝቅ አስደርጋ የምትወጋ ሰው ናት።

«አሁንስ?»

ሾፌሩ አንገቱን አሰገገና የዳይሬክተሩን ፊት ከጎን አየ። «ናው ሂ ኢዝ ግሌሪንግ! ወላሂ ግሌር ነው!»

«አይደለም፣ አይደለም» አለች ነርሷ፣ «ናው ሂ ኢዝ ሉኪንግ አዌይ።»

እውነቷን ነበር። ሰውየው ጫማውን እያየ ነው። ጆሮው ቀልቷል። ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም ትክክለኛውን ቃል እየፈለገ ነበር። ዳይሬክተሩ ከወንበሩ ተነሳ። በር ላይ ሲደርስ፣ «አስብበታለሁ። እስክጠራዎ ድረስ ቤትዎ ይረፉ» አለና ወጣ።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ «አዋረደችው» ይላል። የሰፈራችን ሽማግሌዎች ብለዋል። እኔ አልቀበልም። ሊያይ የመጣ ሰው መታየትን አብሮ ይዞ መምጣት አለበት። በዚህ ዓለም አንድ ወገን ተቀምጦ የሚያይበት፣ ሌላው ቆሞ የሚታይበት ቦታ ሞልቷል፤ ቢሮ፣ ድንበር፣ ሐኪም ቤት፣ ፍርድ ቤት። በእነዚያ ሁሉ ቦታዎች የሚታየው ሰው ቀና ብሎ «አንተስ እንዴት ነው የምታየኝ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ስንት ነገር በተለወጠ!

ዓርብና ቅዳሜ ስልክ አልተደወለም። እሁድ ከሰዓት ሄድኩ። ቤቷ ሁለት ክፍል ነው፤ መስኮቱ ሥር ባለው ጠረጴዛ ላይ የተማሪ ደብተር ቆልላ፣ ማጉያ መነጽሯን ፊደል በፊደል እየገፋች ታርማለች።

«አረፍ በይ እንጂ» አልኳት። «ሰውየው ያስብ። ቆጣ ብሎ ከሆነ ይበርድለታል። ነገ ብትሄጂ ነገሩን ታባብሽዋለሽ።»

«ጋሼ፣ ሰው ስለ እኔ ሲያስብ ቁጭ ብዬ አልጠብቅም።»

«ሊያባርርሽ ይችላል እኮ።»

«ያባርረኝ። ግን እዚህ ተቀምጬ በስልክ አይደለም። ዓይኔ እያየ ነው የሚያባርረኝ።» ቀና ሳትል ጨመረች፤ «የቀረኝን ዓይን ደግሞ ስልክ ለመጠበቅ አላውለውም። ይሄ ዘበኛ አሁንም ‹ጌዝ› ሲጽፍ እጁ ይሳሳታል፤ እስቲ አንተ አንብብልኝ፣ ምን ይላል?»

አነበብኩላት። በዚያው ቀጠልን። እስኪመሽ ድረስ ደብተር ሳርም ዋልኩ፤ ልመክር ሄጄ ረዳት ሆኜ ተመለስኩ።

ሰኞ አብሬያት ወጣሁ። ደረጃው ጠባብና ጨለም ያለ ነው፤ ስትወጣ ባልደግፋትም ከኋላዋ ነበርኩ። ላይ ስንደርስ የክፍሉ በር ተቆልፏል። ቁልፉ ያለው ዳይሬክተሩ ዘንድ ነው፤ እሱ ደግሞ የለም። ተማሪዎቹ አንድ በአንድ መጡ። ነርሷ ከነነጭ ጋዋኗ፣ ዘበኛው ዱላውን እንደያዘ፣ ሾፌሩ ከታች ጀምሮ እየጮኸ።

«ምነው ቲቸር፣ ክፍሉን ወረሱት እንዴ?»

«ክፍሉን ይውረሱት። ተቀመጡ።»

«የት?»

«ደረጃ ላይ ነዋ! ፈረንጅ በስታዲየም አይቀመጥም?»

ደረጃው ላይ ተቀመጡ፤ ከላይ እስከ ታች፣ ጉልበት ከጀርባ ተጣብቆ። እኔ ቦታ አጥቼ ወርጄ ግርጌው ላይ ቆምኩ። እህቴ ከተቆለፈው በር ፊት ቆመች። ሁሉንም ትሰማለች፤ የምታየው ግን ከሁለት ሦስት ፊት አይበልጥም። «ዛሬ ፒር ነው» አለች። «ለማየት የሚያስቸግርን ነገር ዓይን አጥብቦ፣ አንገት አስግጎ፣ አልሸነፍም ብሎ ማየት። ይሄን ቃል ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ እዚህ ደረጃ ላይ የለም። እኔ ላሳያችሁ፤ ከዚያ እናንተ።»

እያስተማረች ነው ዳይሬክተሩ ከታች የመጣው። ቁልፉ በእጁ ነው። ደረጃው ሞልቷል። አንድ ሁለቱ ሊነሱለት ሲሉ እህቴ ዓረፍተ ነገር እያስጠናች ስለነበር መልሰው ተቀመጡ። ሰውየው እዚያው ግርጌ ቆመ። መጀመሪያ ሰዓቱን አየ። ከዚያ ተማሪዎቹን አየ። ከዚያ ሌላ የሚያየው ስላልነበረው እሷን አየ፤ ረጅም ጊዜ። ይህኛውን አስተያየቱን ማንም ጮክ ብሎ አልጠራውም። እኔ ግን አብሬው ከታች ስለነበርኩ በቅርብ አየሁት፤ የከንፈር መምጠጥ ዘመድ አልነበረም።

ዓረፍተ ነገሩን ለመጨረሻ ጊዜ አስደገመቻቸውና አቆመች።

«ማነው ታች?»

«እኔ ነኝ፣ ቲቸር» አለ ዳይሬክተሩ።

«ቁልፍ ይዘዋል?»

«ይዣለሁ።»

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ? እነዚህ ሰዎች ከሥራ ደክመው ነው የሚመጡት። ክፍሉ በሰዓቱ ይከፈት እንጂ!»

ሰውየው ቁልፉን በመዳፉ ውስጥ አገላበጠ። ከዚያ እየተጠማዘዘ፣ በጉልበትና በደብተር መሐል «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ ወጣ። ቁልፉ ከብረቱ ጋር ትንሽ ታገለ። በሩ ተከፈተ።

«እሺ፣ ቲቸር» አለ። «ነገም በሰዓቱ ይከፈታል።» በሩን ይዞ ቆመ።

እህቴ እጇን ዘርግታ የበሩን መቃን ፈለገች፤ አገኘችው፣ ዳበሰችው፣ ተደገፈችውና ገባች። ከዚያ በፊት ሰው እያያት መቃን ዳብሳ ገብታ አታውቅም ነበር።